የእናቴ ጫጩቶች

አምና ክረምቱ ሲወጣ የእናቴ ዶሮ 11 ጫጩት ፈለፈለች። እናቴ አሳድጋ ለፋሲካ ገበያ ልታወጣቸው፣ በገንዘቡም ለእህቴ ዩኒፎርም ልትገዛ አስባ ነበር። ጠዋት ጓሮ እንሰቱ ሥር መልቀቅ፣ ጠባቂ ሲጠፋ ደግሞ ትልቁን ቅርጫት መድፋት የእኔ ሥራ ነው።

ጭልፊት ሲወርድ አይሰማም። ቀድማ የምታየው ዶሮዋ ናት። አንገቷን ጠምዘዝ አድርጋ በአንድ ዓይኗ ሽቅብ ታይና ትጮኻለች፤ ጫጩቶቹም ክንፏ ሥር ይገባሉ። ሜዳው ላይ ራቅ ያለው ግን አይደርስም።

አንድ ቅዳሜ የኳየር ልምምድ ረፍዶብኝ ቅርጫቱን ሳልደፋ ሮጥኩ። ስመለስ 8 ቀርተዋል።

"ከድነሃቸው ነበር?" አለች እናቴ።

"አዎ፣ ጭልፊቱ ገልብጦት ነው።" (ቅርጫት የሚገለብጥ ጭልፊት እስከ ዛሬ አላየሁም።)

ዝም አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሑድ ከኳየሩ ጋር ቆሜ አፌ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፄ ግን አልወጣም። ማክሰኞ ቡና ስታፈላ እውነቱን ነገርኳት።

"ቅርጫቱን ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ አይቼዋለሁ" አለችኝ ከጀበናው ዓይኗን ሳታነሣ። "አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት።"

በማግስቱ አራት እንጨት ተክለን የሽቦ መረብ ወጠርን። እኔ ዙሪያውን ብቻ አጥሬ ጨረስኩ ብዬ ነበር፤ ላዩ ክፍት ከሆነ ለጭልፊት ምኑ ነው? እናቴ ስቃ ጣሪያውንም አለበሰችው። ጥላ እንዲሆናቸው ደረቅ የእንሰት ቅጠል ጣል አደረግንበት።

ጭልፊቱ አሁንም ይመጣል። ዶሮዋ ቀና ስትል እኔም ቀና እላለሁ።