የተረፉት ሁለት ብረቶች

ተገጣጣሚ ዕቃ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ካርቶኑን ትቀዳላችሁ፤ ሳንቃዎቹን ምንጣፍ ላይ ትዘረጋላችሁ፤ ሥዕሉን እያያችሁ ስታጠብቁ ታመሻላችሁ። ዕቃው ሲቆም እጃችሁ ላይ ሁለት ሦስት ነገር ይተርፋል። «ትርፍ ይሆናል» ብላችሁ አንድ ቦታ ትወረውሩታላችሁ። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። የዛሬው ወጌ ስለዚያ ትርፍ ነው።

መደርደሪያዬን የገዛሁት በ2010 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ነው። ቡናማ፣ ባለ አምስት ደረጃ፣ ከቺፑድ የተሠራ፣ በካርቶን የታሸገ ነበር። ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር፤ የእኔም አቅም እዚያው ላይ ያበቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ፣ የሐረጎን ጥምዝምዝ ሽቅብ ይዤው ደሴ ገባሁ።

እንዲህ ጠፍጣፋ ሆኖ መጫኑ ራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 ጊሊስ ሉንድግሬን የሚባል የስዊድኑ ኢኬያ ሠራተኛ አንድ ጠረጴዛ መኪናው ውስጥ አልገባ ሲለው እግሮቹን ነቅሎ ጫነው ይባላል። የኩባንያው የተገጣጣሚ ዕቃ ንግድ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔም የሐረጎን ዳገት በአንድ ሰው ሒሳብና በትንሽ የጭነት ጭማሪ የወጣሁት በዚሁ ዘዴ ነው።

እናቴ ግን አልተደነቀችም። እሷ ስትዳር ይዛው የመጣችው የዋንዛ ሣጥን ዛሬም ቤታችን ውስጥ አለ፤ ሁለት ሰው በግድ ነው የሚያነሣው። መደርደሪያዬን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችውና «ይሄ የወረቀት ዕቃ ስንት ቀን ሊቆይ ነው?» አለች።

በማግሥቱ ከአምልኮ በኋላ የወጣት ኅብረት ጓደኞቼ ቤታችን ይመጡ ስለነበር፣ ያን ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በጥድፊያ ገጠምነው። የጀርባው ስስ ቦርድ ብዙ ትንንሽ ሚስማር ይፈልጋል። «ጀርባውን ማን ያየዋል?» አልኩና ቦርዱን አልጋ ሥር ከተትኩት። ጫፋቸው የታጠፈ ሁለት ትንንሽ ብረቶችም ተረፉ፤ የኒዶ ጣሳ ውስጥ ጣልኳቸው። እሑድ መጻሕፍቴ ተደርድረው፣ ፊታቸው ላይ ሰው ሠራሽ አበባ ቆሞ፣ ሁሉም «እንዴት ያምራል!» አሉኝ።

ክረምት ገባ። ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። በመኪና አንድ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ የአየሩ ልዩነት ብዙ ነው። የጦሳን ጭጋግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ የታጠበ ልብስ ሳምንት አይደርቅም። የመደርደሪያው እግር ወለሉ በተወለወለ ቁጥር ውሃ እየጠጣ እንደ ተነከረ ዳቦ አበጠ። የመካከለኛው ደረጃ በመጻሕፍት ክብደት ሰርጎ ጎድጓዳ ሆነ። ቤቱን ቀለም ለመቀባት ሁለት ጊዜ ፈትተን ስለ ገጠምነውም ብሎኖቹ ቀዳዳቸው ውስጥ መዞር ጀመሩ። ቀስ በቀስ ወደ ግራ አዘመመ። አቃናው ነበር፤ ይመለሳል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ሲደርስ እንደ ብዙዎቻችሁ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፤ የምጣዱ ክዳን ሳይቀር የለም። መደርደሪያው ግን እንዳዘመመ ቆሞ ጠበቀን። ወንድሜ «እሱን ማን ይወስደዋል?» ሲል፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የሳቅነው ያን ቀን ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ወደድኩት። መጻሕፍቴን ከወለል ለቅሜ መልሼ ሞላሁት።

በ2015 ክረምት የእህቴ ልጅ እኛ ጋ ሰነበተ። ሦስት ዓመቱ ነበር። አራተኛው ደረጃ ላይ ብስኩት አስቀምጬ ኖሮ፣ እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ ደረጃዎቹን እንደ መሰላል ይወጣቸው ጀመር። ድምፁን ሰምቼ ስሮጥ መደርደሪያው በፊቱ ተደፍቷል። ልጁ አይታይም።

የእናቴ የዋንዛ ሣጥን ፊት ለፊቱ ነበር። የመደርደሪያው ራስ የሣጥኑ ጠርዝ ላይ አርፎ ቀርቷል፤ ልጁ ከሥር ባለው ክፍተት ውስጥ መጻሕፍት ለብሶ ያለቅሳል። ግንባሩ ተጭሯል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ሣጥኑ ሁለት ክንድ ወዲያ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

በኋላ ሳነብ፣ እንዲህ ያለው አደጋ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢኬያ አሜሪካ ውስጥ ከሸጣቸው ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥኖች 29 ሚሊዮን ያህሉን ከገበያ የሰበሰበው፣ ግድግዳ ላይ ሳይታሰሩ ተደፍተው ሕፃናትን ስለ ገደሉ ነው።

ጩኸታችንን ሰምተው መጀመሪያ የደረሱት ከመስጊድ እየተመለሱ የነበሩት አናጺ ጎረቤታችን ናቸው። ልጁን አንሥተው አዩትና «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አትርፎታል» አሉኝ። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ «ጋሼ፣ ርካሽ ዕቃ ገዝቼ እኮ ነው!» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ዞሩት። «ዕቃው ምን አደረገሽ? ጀርባው የታለ?»

ያን ቀን ከእሳቸው የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ቺፑድ ማለት የእንጨት ፍቅፋቂ በኮላ ተለውሶ፣ በሙቀትና በከባድ ጫና የተጨፈለቀ ነው። ጀርመናዊው ማክስ ሂመልሄበር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ከእንጨት ሥራ የሚጣለውን ትርፍ ለመጠቀም ሲል ነው። ከእኛ ወደ ሰሜን፣ ማይጨው ላይም ከባሕር ዛፍ ይህንኑ የሚያመርት ፋብሪካ ተቋቁሟል። ዕቃው ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፦ ውሃ፣ ረጅም ሸክምና ደጋግሞ መፍታት።

እግሩን ከአሮጌ የመኪና ጎማ፣ በረባሶ ከሚሠራበት ማለት ነው፣ አራት ቁራጭ ቆርጠው አስቀመጡለት። ያልተሸፈነውን የሥር ጠርዝ በቫርኒሽ ቀቡት። አንዴ ያበጠ ቺፑድ አይመለስም፤ ሌላው እንዳያብጥ ማድረግ ግን ይቻላል። የሰረገውን ደረጃ ገልብጠው መሐሉ ላይ ድጋፍ አቆሙለት። አንድ ደረጃ ርዝመቱ ዕጥፍ ሲሆን፣ መጻሕፍቱ እኩል ጥቅጥቅ ብለው ቢደረደሩበት፣ የሚሰርገው 16 ዕጥፍ ነው። ስለዚህ መሐል ላይ የቆመች አንዲት እንጨት ሥራዋ ከመጠኗ በላይ ነው። የላሉትን ቀዳዳዎች በኮላ የተነከረ የክብሪት እንጨት ሞልተው፣ ሲደርቅ ብሎኑን መለሱበት።

ከዚያ «ቦርዱን አምጪ» አሉኝ። አልጋ ሥር አምስት ዓመት የተኛውን ስስ ቦርድ አወጣሁት። ሲመቱት መደርደሪያው ቀጥ አለ። ያን ሁሉ ዓመት ወደ ግራ ሲያዘም የኖረው፣ በአራት ማዕዘኑ የሚይዘው ጀርባ ስላልነበረው ነው።

በመጨረሻ የኒዶ ጣሳውን አመጣሁ። ሁለቱ ብረቶች ዕቃውን ከግድግዳ ጋር ማሰሪያ ነበሩ። የእኛ ቤት ጭቃ ነው። እሳቸው በጣታቸው ግድግዳውን እያንኳኩ ሄዱና ድምፁ ወፍራም የሆነበት ላይ ቆሙ። «ብሎን ጭቃ ብቻ ከያዘ ከነጭቃው ይወርዳል። ቋሚውን ፈልጊ» አሉኝ። ብሎኬት ለሆነ ቤት ግድግዳው ተበስቶ ፊሸር ይገባበታል።

እነሆ ስምንት ዓመቱ። መደርደሪያው ዛሬም ቆሟል፤ ከባዶቹ መጻሕፍት ታች፣ ቀላሎቹ ላይ፣ ብስኩቱ ሌላ ቦታ። እናቴም «የወረቀት ዕቃ» ማለቷን ትታለች።

ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዓመታት ሙሉ ዕቃውን በርካሽነቱ ከስሼዋለሁ። ከካርቶኑ ውስጥ ግን የጎደለ ነገር አልነበረም። የጎደለው፣ እሑድ እንግዳ የማያየውን ሥራ ለመሥራት የሚበቃ የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ነው። የሚታየውን ጨርሼ የማይታየውን ጣሳ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ልጁን በእናቴ ሣጥን አተረፈልኝ፤ ስለዚያ ሳመሰግነው ግን የእኔን ስንፍና ደብቄ ላመሰግነው አልችልም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የመደርደሪያችሁን ራስ በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ከተወዛወዘ ጣሳችሁን ፈልጉ። የጸሎት ክፍላችሁን መደርደሪያም አትርሱ፤ እሑድ እሑድ ሕፃናት የሚጫወቱት እሱ ሥር ነው።