የገደሉ እሬት

የእሬት ቅጠል ቶሎ አይሞትም። ተቆርጦ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ጣውላ መካከል ተጠፍሮም ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ነው። ስለዚህ ለናሙና የሚዘጋጅ ቅጠል በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ዝልግልጉ በማንኪያ ይፋቃል፤ ልጡ ብቻ ይደርቃል። ጋዜጣውም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ያን ማታ ግን ደክሞኝ እንዳለ ጨፍልቄ አስሬው ተኛሁ።

ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ጥቅምት ላይ፣ ጀማ ሸለቆ አፋፍ። ከገደሉ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ጫፉን መልሶ ወደ ሰማይ ያቀና እሬት፣ አበባው ፈክቶ አየሁ። ቅጠሉ አመድማ፣ የጠርዙ ጥርስ በጣት ካልዳሰሱት የማይታወቅ ደቃቅ፤ አበባው ቢጫ ሆኖ አፉ ላይ አረንጓዴ። ከማውቃቸው ከአንዱም ጋር አልገጥም አለኝ። መንገድ ያሳዩኝ አዛውንት፣ «ይሄ የገደል እሬት ነው ልጄ፣ የታቹ ሌላ ነው» አሉኝ። አንድ ቅጠልና አንድ የአበባ ዘንግ ቆረጥኩ። በቃ፣ ያ ብቻ።

በወሩ ጋዜጣውን ስፈታው ሽታው ቀደመኝ። ቅጠሉ ሻግቶ ጠቁሯል፤ አበቦቹ ከዘንጉ ረግፈው ከጋዜጣው ጋር ተጣብቀዋል። ርዝመታቸውን እንኳ አልለካሁም ነበር።

የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ሰብስቤ ደምሴውና ማይክ ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1997 ለአንኮበር እሬት ሳይንሳዊ ስም ሲያወጡ፣ ስሙ የታሰረው ሄርባሪየም ውስጥ በተቀመጠ ደረቅ ናሙና ላይ ነው። እሱም የሸዋ የገደል ተክል ነው። የኔውን ከጎኑ አስቀምጬ አበባን ከአበባ፣ ጥርስን ከጥርስ ባመሳክር ኖሮ፣ አንድ ይሁኑ ሁለት ይለይልኝ ነበር። አሁን «አዲስ ዝርያ አግኝቼ ነበር» ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ስሙስ ቢቀር ይቅር፤ ጥርጣሬ ብቻ ታቅፌ መቅረቴ ግን አንጀቴን ይበላዋል።

ስመለስ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ገደሉ ለመንገድ ጠጠር ተፈልጦ፣ ግማሹ ተገምሶ ጠበቀኝ። ግራና ቀኙን ሦስት ቀን ፈለግሁ። አንድም የለም።

ቅጠሉን የቆረጥኩ ቀን አዛውንቱ ማጭዳቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው፣ «ከስሩ ልጅ አለው፤ ነቅዬ ልስጥህ? ድንጋይ ላይ ብትጥለውም ይበቅላል» ብለውኝ ነበር። ቦርሳዬ ሞልቷል።

«ይቆይ አባባ፣ ለከርሞ እመጣለሁ» አልኳቸው።