ማኒላ ከሄዳችሁ ሰይፉን በእጀታው እወቁት!

ማኒላ ከገባችሁ ኪያፖ የሚባለውን ሰፈር ሳታዩ እንዳትመለሱ። ትልቁ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና በ1976 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ባለወርቃማ ጉልላት መስጊድ የሚገኙት እዚያው ሰፈር ነው። ሕዝቡ ይተራመሳል፣ ገበያው ይደምቃል።

የጥንት ዕቃ ለሚወድ ሰው ግን የፊሊፒንስ ጉድ የደቡብ ደሴቶች ሙስሊሞች፣ የሞሮዎቹ ሰይፍ ነው። የሚጠማዘዘው ክሪስ፣ ቅጠል የመሰለው ባሮንግ፣ ረጅሙ ካምፒላን...። ታዲያ ገዢ ሁሉ የሚያፈጠው ስለቱ ላይ ነው። ሻጩ ደግሞ እጀታውን እያሻሸ «የዝሆን ጥርስ እኮ ነው!» ካለ ዋጋው ጣራ ነካ ማለት ነው። እናንተ ግን ረጋ በሉ።

ጥቁር እጀታ እንጨት ወይም የጎሽ ቀንድ ሊሆን ይችላል። ካማጎንግ የሚባለውን የአገሩን ጥቁር እንጨት ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ሰረዝ የመሰሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ቀንድ እንደ ጥፍር ነው፤ ሲያረጅ በንብርብር ይላጣል፣ ሳሳ ያለው ጠርዙም ብርሃን ያሳልፋል።

ነጭ ከሆነስ? አጥንት ላይ የደም ሥር ያለፈባቸው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። የዝሆን ጥርስ ነጠብጣብ የለውም፤ አግድም በተቆረጠው ጫፉ ላይ ግን እንደ መረብ የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። አንድ ወጥ ሆኖ የአየር አረፋ ወይም የቅርጽ ማውጫ መስመር ካያችሁበት ፕላስቲክ ነው፣ እለፉት!

«በጋለ መርፌ ወጋ አድርጌ ላሳያችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ። ቀንድ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እውነት ነው። ጠባሳው ግን አይለቅም። አጉሊ መነጽርና ባትሪ ይበቃችኋል። እንጨትና ቀንድ በእርጥበትና በነፍሳት ስለሚጎዳ እጀታው ኋላ ተቀይሮ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። አሮጌ ስለት አዲስ እጀታ ቢኖረው አይግረማችሁ።

አሁን ዋናው ነገር! የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ የተወሰነው በ1989 (እ.ኤ.አ.) ነው። ፊሊፒንስ በ2013 ወደ 5 ቶን የሚጠጋ የተያዘ የዝሆን ጥርስ አደቀቀች፤ ኢትዮጵያም በ2015 ከ6 ቶን በላይ አቃጠለች። እንግዲህ አስቡት፦ ሻጩ ከዋሸ ገንዘባችሁ ቀለጠ፤ እውነቱን ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ ወረቀት ጉምሩክ ላይ ትያዛላችሁ። በሁለቱም መንገድ ከሳሪው ገዢው ነው።

ስለዚህ ከገበያው በፊት ሪዛል ፓርክ ወዳለው ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም ጎራ በሉ። መግቢያው ከ2016 ጀምሮ በነፃ ነው። ዓይን የሚሠለጥነው እውነተኛውን በማየት ነው። ከዚያ በኋላ ልባችሁ ከፈቀደ ባለ እንጨት እጀታውን ግዙ። እሱም ቢሆን ከሻንጣ ጋር ይጫናል እንጂ በእጅ ይዞ አውሮፕላን መግባት የለም!