ከካርኑስቲ ወንዝ ዳር

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

  

የመጣሁበት ሥልጠና የሚሰጥባት ዳንዲ፣ ቴይ የተባለው ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ዳር ላይ የተቆረቆረች የስኮትላንድ ከተማ ናት። ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ስለሌለን ዙሪያዋን አያለሁ። በዚህ በሐምሌ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰዉ እራቱን ከበላ በኋላ እንኳ ዱላዎቹን በጀርባው አዝሎ ጎልፍ ሊጫወት ይወጣል። አይሳቁብኝ ጋሼ፤ እኛ ዘንድ ጎልፍ የአምባሳደር ጨዋታ ነው፣ እዚህ ግን የአናጢውም የአስተማሪውም ነው። የጎልፍ አገሩ የሚባለው የሴንት አንድሩስ አሮጌ ሜዳ ሳይቀር የሕዝብ ነው። እሑድ ጨዋታው ይቆምና ሰው ከነልጁ፣ ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። እኔም ሄጄ ተንሸራሽሬበታለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ ሣሩ ላወራዎት አይደለም። አንድ ነገር አበሳጭቶኛል፤ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ማታ ማታ ሳሎን ተቀምጠን በቴሌቪዥን ጎልፍ እናያለን። ጨዋታውን ወድጄዋለሁ፤ ተንታኞቹን ግን አልቻልኳቸውም። ተጫዋቹ ትንሽ ከዘገየ ፈራ ይላሉ፤ ከፈጠነ ተስፋ ቆረጠ። ከሳቀ ግድ የለውም፤ ከተቆጣ ጨዋነት ይጎድለዋል። ከጉድጓዱ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ያለች ኳስ ከሳተ ደግሞ ጉድ ፈላ! ከዚያ ርቀት የዓለም ምርጥ ባለሙያዎች የሚያስገቡት ከሁለት አንዱን ያህል ብቻ እንደሆነ ተቆጥሮ የታወቀ ነገር ነው። ተንታኞቹም ያውቁታል። ሆኖም ሰውየው በሳተ ቁጥር የቤተሰቡን ብር ቆጥሮ የጠፋበት ያህል ይወቅሱታል።

ይህ ወቀሳ ከየት እንደሚመጣባቸው ሳስበው አንዱ ምክንያት የጨዋታው ባሕርይ ይመስለኛል። ስርጭቱ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። ኳሷ በአየር ላይ የምትቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የቀረው እርምጃ ነው፣ ነፋስ መገመት ነው፣ ዱላ መምረጥ ነው። ያን ሁሉ ባዶ ሰዓት በወሬ መሙላት አለባቸው። ስለ ኳሷ የሚሉት ሲያልቅባቸው የሰው ልብ ውስጥ ይገባሉ።

ብስጭቴን ያባባሰው የካርኑስቲ ጉዞዬ ነው። ከዳንዲ በባቡር ብዙም አይርቅም፤ ሐዲዱ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ይሄድና ጎልፍ ሜዳው አጠገብ ያወርድዎታል። በሜዳው መጨረሻ ባሪ በርን የሚሉት ጠባብ ወንዝ አለ፤ ግራና ቀኙ በድንጋይ ግንብ ተከቧል፣ 17ኛውንና 18ኛውን ጉድጓድ እየተጠማዘዘ ያቋርጣል። አንድ ጎረምሳ ተንደርድሮ ሊዘለው የሚችል ይመስላል። ዳሩ ላይ ቆሜ ብዙ ሰዓት አየሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ)። በ1999፣ በእኛ ሐምሌ 1991 መሆኑ ነው፣ ኦፕን የተባለው ታላቁ ውድድር እዚህ ተካሄደ። ዣን ቫን ደ ቬልድ የሚባል ብዙም ስም ያልነበረው ፈረንሳዊ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ በሦስት ምት ይመራ ነበር። በጎልፍ ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ ነው የሚያሸንፈው። በአራት ምት የሚጨረሰውን ያን ጉድጓድ እሱ በስድስት ቢጨርሰው እንኳ ዋንጫው የእሱ ነው። ከ1907 ወዲህ ኦፕንን ያሸነፈ ፈረንሳዊ አልነበረም።

የመጀመሪያ ምቱ ወደ ቀኝ ቢሄድበትም ወንዙን አልፎ ደረቅ መሬት ላይ አረፈለት። በሁለተኛው ተቆጥቦ በአጭሩ ከመምታት ይልቅ ጉድጓዱ ያለበትን አጭር ሣር፣ ግሪኑን፣ አነጣጠረ። ኳሷ የተመልካች መቀመጫውን የብረት አጥር መታች፣ ከዚያ ነጥራ የወንዙን የድንጋይ ግንብ መታች፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሳ ከጉልበት የሚደርስ ሣር ውስጥ ወደቀች። እዚያው መቀመጫው ውስጥ ብትቀር ኖሮ ያለ ቅጣት አውጥቶ እንዲመታ ሕጉ ይፈቅድለት ነበር። ከሣሩ ሊያወጣት ሲሞክር ወንዙ ገባችበት። ሰውየው ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃው ውስጥ ገባ። ቆሞ አሰበ፤ ትቶት ወጣ። የቅጣት ምት ተቀብሎ ሲመታ ኳሷ አሸዋ ውስጥ ገባች። ከአሸዋው አውጥቶ፣ ያን ሁሉ ውርደት ተሸክሞ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ በሰባተኛው ምት አስገባት። ከሁለት ሰዎች ጋር እኩል ወጣና በመለያ ተሸነፈ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቢቢሲው ተንታኝ ፒተር አሊስ ሰውየው አእምሮውን የሳተ ይመስል አንድ ሰው ሄዶ ያስቁመው እያለ ይወተውት ነበር። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ደግሞ ሁለት ጊዜ የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈው ከርቲስ ስትሬንጅ በሕይወቱ ካያቸው የጅል ሥራዎች አንዱ መሆኑን ተናገረ። ዓለም ያንን ሰምቶ ሳቀ። እስከ ዛሬም ይስቃል።

አሁን የሚቀጥለውን ይስሙ። በ2007 ኦፕን እዚያው ካርኑስቲ ተመለሰ። አየርላንዳዊው ፓድሪግ ሃሪንግተን ያንኑ 18ኛ ጉድጓድ ሲጫወት ኳሷን ባሪ በርን ውስጥ ከተታት። እንደገና መታ፤ እንደገና ወንዙ ውስጥ ከተታት። ሁለት ጊዜ! በስድስት ምት ጨረሰ። ከኋላው የመጣው ሰርጂዮ ጋርሲያ የማሸነፊያዋን ምት በጉድጓዱ ጠርዝ ሳታት፤ በመለያው ሃሪንግተን አሸነፈ። ዛሬ ስለ ሃሪንግተን ሲወራ ስለ ወኔው ነው። ወንዙ አንድ ነው፣ ጉድጓዱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የጋርሲያ ኳስ አለመግባቷ ነው። የተንታኞቹ ዕውቀት በሌላ ሰው ኳስ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ምኑን ዕውቀት ሆነ? ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የምትሉት ይኸው ነው።

ይህን ለባለቤቱ ሳነሳባቸው ተቆጡ። አሊስ የእነሱ ሰው ነበር፤ በ2020 በ89 ዓመቱ ሲሞት ብዙ ቤት ታዝኗል። ድምፁ፣ ቀልዱ፣ ስለ ውሻና ስለ ሻይ የሚያወራው ሁሉ የበጋቸው አካል ነበር አሉኝ። አልክድም፤ የድሮ ቅጂዎቹን ሰምቼ እኔም ስቄአለሁ። ቀጥለው የነገሩኝ ግን የበለጠ አናደደኝ። አሊስ ራሱ በ1953፣ ገና የ22 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ያኔ ብሪታንያ ከአሜሪካ ጋር ትገጥምበት በነበረው ራይደር ካፕ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ አጭሯን ምት ስቶ ነበር። ብሪታንያ በአንድ ነጥብ ተሸነፈች፤ ጋዜጦቹም ለዓመታት አለቀቁትም። እንግዲህ ይህን የቀመሰ ሰው ፈረንሳዊው ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲታይ ዝም ማለት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ቁስሉን ከሚያውቅ ሰው ሲመጣ ይከፋል።

ለነገሩ ባለቤቱ በአንድ ነገር ከእኔ ጋር ተስማምተዋል። የ1999ኙ ውድድር አሸናፊ ማን እንደነበር ማንም አያስታውስም። ፖል ሎሪ ይባላል፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ከአበርዲን። የመጨረሻውን ቀን ሲጀምር ከመሪው በአሥር ምት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በዚያ አስቸጋሪ ሜዳ በ67 ምት ጨርሶ ከላይ ደረሰ፤ በመለያውም የመጨረሻዎቹን ሁለት ጉድጓዶች ከተመደበላቸው ምት በአንድ አንሶ ጨረሳቸው። ከአሥር ምት ተነስቶ እንዲህ ያለ ውድድር ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። ተንታኞቹ የአንዱን ውድቀት ሲያራግቡ የሌላውን ድል ቀበሩት።

በመለያው የነበረው ሦስተኛው ሰው አሜሪካዊው ጀስቲን ሌናርድ ነው። የእሱም ተራ በሁለት ወሩ ደረሰ። በዚያው ዓመት መስከረም በቦስተን አጠገብ ራይደር ካፕ ሲካሄድ፣ ጆኒ ሚለር የተባለው የአሜሪካ ተንታኝ ሌናርድ ቤቱ ሄዶ በቴሌቪዥን ቢያይ ይሻለው ነበር ብሎ በአየር ላይ ተናገረ። በማግሥቱ ሌናርድ 17ኛው ጉድጓድ ላይ ከ14 ሜትር ገደማ ርቀት ያስገባት ኳስ አሜሪካንን ለዋንጫው አበቃች።

ሚለርን ግን ሙሉ በሙሉ አልጠላውም፤ እውነቱን ልንገርዎ። በ1973 የአሜሪካን ኦፕን የመጨረሻ ቀን በ63 ምት ጨርሶ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ስለ ራሱ ጭንቀትም በግልጽ ይናገር ነበር። ኳሷ ገና ሳታርፍ የት እንደምትወድቅ የሚናገር ባለሙያ ነበር። እኔም ተንታኝ ሁሉ ያሞግስ አላልኩም፤ እንደ ሠርግ አዝማሪ የሚያወድሱትንም ሰምቼ ሰልችቶኛል። ነፋሱን አልገመተም ይበሉ፣ ዱላ ሲመርጥ ተሳሳተ ይበሉ፣ ተማርኩ እላለሁ። ወኔ የለውም ሲሉኝ ግን ከየት አዩት? ያሉት በመስታወት ቤት ውስጥ፣ ስክሪን ፊት ነው።

እርስዎ ሰለሞን ተሰማ በራዲዮ ኳስ ሲያስተላልፍ እንዴት እንደሚያዳምጡት ያወሩን የነበረውን እዚህ ሆኜ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የራዲዮ ሰው ኳሷ የት እንዳለች ካልነገረን ምንም አናይም፤ ስለዚህ ሥራ አለው፣ ለፍርድ ጊዜ የለውም። ቴሌቪዥን ሥዕሉን ሰጠንና ተናጋሪውን ሥራ ፈት አደረገው። ከአሊስ በፊት በቢቢሲ የነበረው ሄንሪ ሎንግኸርስት ይህ የገባው ይመስለኛል፤ በዝምታው ይታወቅ ነበር ይላሉ ባለቤቱ። ሥዕሉ ሲናገር እሱ ዝም ይላል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ማን ይቀጥረዋል?

የ1999ኙን የቫን ደ ቬልድ ቪዲዮ ለታናሽ እህቴ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፤ እሑድ ስትመጣ ታሳይዎታለች። እንግሊዝኛውን እንዳትተረጉምልዎ አደራ ብያታለሁ። አይተው ሲጨርሱ ሰውየው ጅል ነበር ወይስ ዕድለ ቢስ፣ ፍርድዎን ይጻፉልኝ። ለመምህሩ አነብላቸዋለሁ።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ