ወዲህ አብራልኝ

ልጅ ሆኜ በቤታችን ውስጥ የኔ ተብሎ የተሰጠኝ ሥራ ባትሪ መያዝ ነበር። ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። ተከዜና ግልገል ጊቤ 2 ገና ሥራ አልጀመሩም፤ ያሉት ግድቦች ደግሞ ውሃ አንሷቸው መብራት በመላ አገሪቱ በፈረቃ ሆኗል። እናቴ ሐዋሳ ውስጥ ለሁለት ምግብ ቤቶች እንጀራ ጋግራ ታስረክብ ነበር። ፈረቃው የማይታመን ሲሆንባት የኤሌክትሪክ ምጣዷን ጥግ አስይዛ ወደ እንጨቱ ተመለሰች። ምግብ ቤቶቹ እንጀራውን ማለዳ ስለሚፈልጉት ሥራው የሚጀመረው ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ነው።

ኩራዝ ሞክረን ነበር። «ሽታው እንጀራው ላይ ይቀራል» ብላ ከማድ ቤት አስወጣችው። ሻማው ደግሞ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይጠፋል። ስለዚህ ቀረሁ እኔ። ሁለት ወፍራም ድንጋይ የሚጎርስ የቆርቆሮ ባትሪ ይዤ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሊጡ ከጆጎው ወደ ምጣዱ ሲወርድ እኔ እጇን መከተል አለብኝ። እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ብርሃኑ ከምጣዱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ጣሪያው ይሸሻል። ያኔ ነው «ወዲህ አብራልኝ!» የምትለው። ተቆጥታ አይደለም፤ ሊጥ አይጠብቅምና ነው።

የፈተና ሰሞን ግን አትቀሰቅሰኝም። አንድ ሌሊት ውሃ ጠምቶኝ ስነሳ ማድ ቤቱ ውስጥ ብርሃን አየሁና ገባሁ። ባትሪውን በጥርሷ ነክሳዋለች። አንገቷ ወደ ምጣዱ ተቀልብሷል፣ ምራቋ በአገጯ ይወርዳል፣ እጇ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞረ ያፈሳል። ስታየኝ መናገር ስላልቻለች በዓይኗ ብቻ ሂድ ተኛ አለችኝ። ተመልሼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

የዚያን ዓመት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ጎረቤታችን የነበሩ ዓሣ አስጋሪ ከእሳቸው ጋር አሞራ ገደል እንድወርድ ፈቀዱልኝ። ሐዋሳን ለማያውቅ ሰው፣ አሞራ ገደል ከሐይቁ ዳር ጀልባዎች የሚያርፉበት፣ ዓሣው በትኩሱ የሚሸጥበት፣ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ቆመው ትርፍራፊ የሚጠብቁበት ቦታ ነው። መረቡ ማታ ይጣላል፤ ሌሊቱን አድሮ ሊነጋ ሲል ይሰበሰባል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ሐይቁና ሰማዩ አንድ ጥቁር ነገር ነበሩ። የሰማሁት ውሃው ዳሩን ሲልስ ብቻ ነው። ከዚያ ጥቁር መሃል አንዲት ነጭ ብርሃን ወጣች፤ በሰው ቁመት ልክ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያለች፣ አንዳንዴ ወደ ታች እየደፋች ትመጣለች።

ስትቀርብ ጀልባ ሆነች። በጀልባዋ ላይ አንድ ወጣት፣ በወጣቱ ግንባር ላይ ባትሪ። ሁለቱም እጆቹ መረቡ ውስጥ ናቸው። ቆሮሶውን ከመረቡ ዓይን እያላቀቀ ይጥላል፣ ያላቅቃል ይጥላል። ማንም አላበራለትም። ያየበት ቦታ ሁሉ ራሱ ይበራል።

ወጣቱ አፍጥጬ ስቀር አይቶ ባትሪውን አውልቆ ራሴ ላይ አሰረልኝ። ላስቲኩ እርጥብ ነበር፣ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ለኔ ራስ ሰፍቶ ቅንድቤ ላይ ወረደ። እጄን አየሁ፣ እጄ በራ። ውሃውን አየሁ፣ ውሃው በራ። «ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወጥቶ በዚህ ሰዓት ነው ወደ ውሃው የሚመለሰው፤ እኔ በእጄ እየቀዘፍኩ በምን ባትሪ ልያዝ?» አለኝ። እኔ ግን ያሰብኩት እናቴን ነው።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ አሞራ ገደል የዓሣ ቅርፊት ስፍቅ ከረምኩ። ገንዘቤ ሲሞላ ገበያ ሄጄ ከተደረደሩት ሁሉ ትልቁን መረጥኩ። ካርቶኑ ላይ የብዙ ሺህ ዋት ቁጥር ተጽፎበታል፤ ጀርባው ላይ ግድግዳ ሶኬት ውስጥ የሚሰካ ታጣፊ እግር አለው። ሱቁ ውስጥ ሲበራ ዓይን ያጠፋ ነበር። ቤት ወስጄው በአስራ አንደኛው ቀን ቻርጅ አልይዝ አለ።

መናኸሪያ አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ነበሩ። ጠባቧ ክፍላቸው ውስጥ የካውያ ጭስና ቡና ተደባልቆ ይሸታል። ባትሪዬን ተቀብለው በካቻቢቴ ፈቱት። ከውስጡ አንዲት ጥቁር ሳጥን ወጣች፤ እንደ ድንጋይ ትከብዳለች። ቴስተሩን አስነኳትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የመኪና ባትሪ ታናሽ ወንድም ነው፤ እርሳስና አሲድ። ባዶውን ከተቀመጠ ይሞታል። አንተ ሳትገዛው በፊት ስንት ወር ሱቅ ተቀምጦ ነበር?» ስለ ዋቱ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እሱ ቁጥር ካርቶኑን እንጂ ቤትህን አያበራም» አሉኝ።

ጋሼ ያን ቀን ያስተማሩኝን ዛሬም ባትሪ በገዛሁ ቁጥር አደርገዋለሁ። በቀን ብርሃን አትፈትን፤ ጨለማ ጥግ ግባና ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቀህ አብራ። ግድግዳው ላይ መሃሉ ነጭ፣ ዙሪያው ጥቁር ቀለበት ከሆነ ለሩቅ ማያ እንጂ ለሥራ አይሆንም። ጆሮህ ሥር አድርገህ ነቅንቀው፤ ከተንኳኳ ብየዳው ልል ነው። ማጠፊያውን ወደ ታች ወደ ላይ አድርገው፤ ጥርሱ ጠቅ ጠቅ ካላለ ስትራመድ ራሱ ይወድቃል። ድንጋይ የሚገባበትን ክፈትና ሽቦውን በጣትህ ጫነው፤ ተጭኖ ካልተመለሰ ተወው። ስለ ብሩህነት ምንም አላሉኝም። የመጨረሻው ጥያቄያቸው ግን «ማን ነው የሚያደርገው?» የሚል ነበር። እናቴ እንደሆነች ስነግራቸው «እንግዲያው ቀላሉን ፈልግ። አንገት ነው የሚሸከመው» አሉኝ።

ሁለተኛውን እሳቸው ባሉኝ መንገድ መረጥኩት። ሦስት ቀጫጭን ድንጋይ የሚወስድ፣ ሰባት ጥቃቅን አምፖል ያለው፣ በመዳፍ ውስጥ የሚጠፋ ነገር ነበር። ለማሳየት ብቻ ወሰድኩላቸው፤ እሳቸው ግን ወዲያው ፈቱት። ሦስቱ ድንጋዮች አዲስ ሲሆኑ በአንድ ላይ 4.5 ቮልት ይሰጣሉ። ነጩ ኤልኢዲ የሚፈልገው ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በመሃል የሚያግደው ነገር አልነበረም። «ርካሽ ያደረገው ይሄ ነው» አሉኝ፤ «ልጓም የለውም። መጀመሪያ ይፈነጥዛል፣ ድንጋዩን ይጨርሳል፣ ከዚያ አምፖሎቹ ወደ ሰማያዊ እያደሉ ይሞታሉ።» ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ አንዲት ባለ ቀለበት ሬዚስተር ነቀሉ፣ ስታኞ አስነኩ፣ አንድ ጠብታ ጭስ ተነሳ፣ አለቀ። አብርቼ ሳየው የደበዘዘ አልመሰለኝም። ዓይን እንደዚያ ነው፤ ብርሃኑ በግማሽ ቢቀነስ ግማሽ መሆኑ አይታወቀውም። ድንጋዩ ግን ለረጅም ጊዜ ቆየልን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ጋሼ ነጩ ብርሃን በእውነት ነጭ እንዳልሆነ፣ ከሥሩ ያለው ሰማያዊ እንደሆነና ላዩ ላይ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ነጭ እንደሚያስመስለው ነግረውኝ ነበር። ወደ ሰማያዊ የሚያደሉት አምፖሎች ዱቄታቸው በሙቀት የተጎዳባቸው ናቸው። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ሦስት ጃፓን የተወለዱ ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ ኃይል ቆጣቢውን ሰማያዊ ኤልኢዲ በመፍጠራቸው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው የሚለውን ዜና ስሰማ ደስታዬ የዘመድ ደስታ ነበር። የእናቴን ጥርስ ከባትሪ ቆርቆሮ ያላቀቁት እነሱ ናቸው።

በኋላ እኔም እጄ ተፍታታ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ ፈረቃ ሲመለስ የሰፈሩን ሰው ባትሪ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። ያኔ ከተጣሉ የላፕቶፕ ባትሪዎች ውስጥ ሊቲየሞቹን አወጣለሁ። ስድስት ካሉ ብዙ ጊዜ የሞቱት አንድ ሁለቱ ናቸው፤ የቀሩት ለግንባር ባትሪ ዓመታት ያገለግላሉ። ቁመታቸው 65፣ ውፍረታቸው 18 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲሞሉ 4.2 ቮልት ይደርሳሉ። ይህን የሚሞክር ሰው ካለ ግን አደራ፦ እነዚህን የሚጠብቃቸው ካርድ ላፕቶፑ ባትሪ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ያለ መከላከያ ካርድ ቻርጅ ላይ ተክሎ መተኛት ቤት ማቃጠል ነው። ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ካገኘሁ አንድም ቀን አልሞከርኩትም። ክብደቱንም ከግንባር ወደ ኋላ፣ ወደ ማጅራት አዞርኩት፤ «አንገት ነው የሚሸከመው» የተባልኩትን አልረሳሁም።

ሁለተኛው ባትሪ ቤት ወደገባባት ወደ መጀመሪያዋ ሌሊት ልመለስ። እናቴ ባትሪውን ከሻሿ ላይ አሰረችው። ሊጡን ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ጆጎው በራ፣ ምጣዱ በራ። እኔ ምንም ሳልይዝ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ እጆቼን የማደርግበት አጣሁ። የመጀመሪያውን እንጀራ አወጣችና «እንዴት ነው?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ነጭ ነገር ዓይኔን መታው። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። እናቴ ድምፅዋ አለ፣ ፊቷ የለም። ከዚያ በኋላም ባወራችኝ ቁጥር እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ደግሞ አክንባሎውን ስታነሳ እንፋሎቱ የባትሪው መስተዋት ውስጥ ገባና ሁሉ ነገር ጉም ሆነ። «እንጀራውም የገረጣ ይመስላል፤ በስሎ ይሁን አይሁን አልለይም» አለችኝ። ቅር ቢላትም ደከምክልኝ ብላ አላወለቀችውም።

በማግስቱ ጋሼ ዘንድ ሮጥኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ ከማዕዘኑ ባዶ ሃይላንድ አነሱ። ከጎኑ የሳንቲም ያህል ክብ ቆርጠው ሰጡኝና «አንተ ራስህ ፋቀው» አሉኝ፤ የብርጭቆ ወረቀትም አቀበሉኝ። ላስቲኩ ጥራቱን አጥቶ እንደ ወተት እስኪሆን በሁለቱም በኩል ፋቅኩት። ከሥሩ አንዲት ቢጫ የከረሜላ ልጣጭ አነጠፍን። የመስተዋቱን ቀለበት ስንመልሰው ዙሪያውን ቫዝሊን ቀባነው፤ እንፋሎት መግቢያ አጣ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ያን ሌሊት እናቴ ሳትቀሰቅሰኝ ራሴ ተነሳሁ። ባትሪው ግንባሯ ላይ ነው፤ ብርሃኑ ግን ከአንድ ነጥብ አይወረወርም፣ ምጣዱ ላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቷል። እንጀራው ዓይን ሲያወጣ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል ሲሄድ ይታያል። አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ቢጫ ሆኖ ወጣ። እናቴ ዞራ አየችኝ። ግንባሯ ላይ ያለው ላብ፣ ጉንጯ ላይ የተረጨው ሊጥ፣ ዓይኗ፣ ሁሉም ነበር።

«ምን ልታደርግ ተነሳህ? ሂድ ተኛ እንጂ፤ አሁን ማን ፈለገህ?» አለችኝ እየሳቀች።

አልሄድኩም። በርጩማዬን ወደ ምድጃው አስጠጋሁ። ከሊጡ ጥቂት ቀንሳ ምጣዱ ጥግ ላይ እንጎቻ ጋገረችልኝ፤ በመዳፌ ስቀበላት ታቃጥል ነበር።