መውደቅን አስቀድሞ የሚያስተምረው ቤት

በቶኪዮ ከተማ፣ ቡንክዮ በሚባለው ወረዳ፣ ከትልቁ የቤዝቦል ስታዲየም ብዙም ሳይርቅ ኮዶካን የተባለ ረጅም ሕንፃ ይገኛል። ከውጭ ሲያዩት ተራ መሥሪያ ቤት ይመስላል። የቤቱን ማንነት የሚናገረው ደጁ ላይ የቆመው የጂጎሮ ካኖ ሐውልት ነው፤ የጁዶ አባት። ሰባተኛው ፎቅ ላይ 420 የታታሚ ምንጣፎች የተነጠፉበት ሰፊ አዳራሽ አለ። እንግዳ ከበላዩ በተሠራው የተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጦ ልምምዱን ማየት ይችላል።

ካኖ በልጅነቱ አጭርና ደቃቃ ስለነበር ጉልበተኛ ተማሪዎች ያስቸግሩት ነበር። ራሱን ለመከላከል ብሎ የተማረውን ጥንታዊ ትግል ቆይቶ አሻሻለውና፣ እ.ኤ.አ. በ1882 በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ታታሚ በምታህል ክፍል ማስተማር ጀመረ። ያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ሙያው መምህርነት ነውና ጁዶንም ያየው ሰውን ማነጫ አድርጎ ነው።

ልጁን ጁዶ የሚያስመዘግብ ወላጅ፣ ልጁ ሰው መጣል ሊማር የሄደ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ትምህርት ግን መውደቅ ነው። ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ፊት ተንከባልሎ። አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ ጭንቅላትን ከወለሉ ማዳን፣ መሬት ሲደርሱ ምንጣፉን በክንድ ጠፍ ማድረግ። ይህ በየዕለቱ ይደጋገማል።

ነገሩ አጥንትን ከስብራት ለማዳን ብቻ አይደለም። መውደቅን የሚፈራ ልጅ ሰውነቱ ይገተራል፤ ትንፋሹን ይይዛል፤ ተጋጣሚውን ለማራቅ ክንዱን ያደርቃል። የተገተረ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይጣላል፣ ሲወድቅም ክፉኛ ይጎዳል። መውደቅ ምንም እንደማያደርገው የለመደ ልጅ ግን ሰውነቱን ያላላል፣ በደንብ ይተነፍሳል፣ ያልሞከረውን ለመሞከር ይደፍራል። “አይዞህ፣ አትፍራ” የሚለው ቃል ብቻውን ያላመጣውን ድፍረት መቶ ጊዜ ወድቆ መነሳት ያመጣዋል።

በነፃ ትግል ልምምድ ጊዜ አንድ ልጅ በአንድ ምሽት ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ይገጥማል። አንዱን ይጥላል፣ በሌላው ይወድቃል። ከመግጠማቸው በፊት እጅ ይነሳሳሉ፣ ሲጨርሱም እንደዚሁ። መላቀቅ ያቃተው ታጋይ ሁለት ጊዜ መታ መታ ካደረገ ወዲያው ይለቀቃል። “በቃኝ” ማለት እዚያ ነውር አይደለም። መሸነፍም የዕለት ተዕለት ነገር ስለሚሆን የልጁን ክብር አይነካም።

ይህ ማለት ሽንፈት አያምም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሂፉሚ አቤና እህቱ ኡታ በአንድ ቀን ሁለት ወርቅ አገኙ። በ2024 ፓሪስ ላይ ወንድሟ ዳግመኛ ሲያሸንፍ ኡታ ገና በጊዜ ተሸንፋ ወጣች፤ ድምፅ አውጥታ እያለቀሰች። የአዳራሹ ሕዝብ ስሟን እየጠራ አጽናናት። ከዓለም አንደኛ የሆነችውም ታለቅሳለች።

የጃፓንም ታሪክ ሁሉ ያማረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ገደማ በትምህርት ቤት ጁዶ ከ100 በላይ ተማሪዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በጭንቅላት ጉዳት ሲሆን፣ መውደቅን በቅጡ ያልተማሩ ጀማሪዎች በብዛት ነበሩባቸው። በመጋቢት 2022 ደግሞ የአገሪቱ የጁዶ ፌዴሬሽን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ብሔራዊ ሻምፒዮና ማስቀረቱን አስታወቀ። ትንንሽ ልጆች ክብደት እንዲቀንሱ ይገደዱ ነበር፤ ወላጆችና አሠልጣኞች ዳኛ ላይ ይጮኹ ነበር። ልጆቹ መሸነፍን ሊለምዱ በመጡበት ስፍራ አዋቂዎቹ መሸነፍ አቃታቸው። ጁዶ በተወለደበት አገር ይህን ያህል እርምጃ ያስወሰደው የትልልቆቹ ጠባይ ነው።

በእኛም ከተሞች በየሰፈሩ የቴኳንዶና የካራቴ ማሠልጠኛ አለ። ቅዳሜና እሑድ ነጭ ልብስ ለብሶ የሚሄደውን ልጅ እጁን ይዞ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ አያቱ ነው። እስኪመዘገብ ድረስ ስለ ሜዳሊያና ስለ ቀበቶ እንጠይቃለን። ከዚያ ይልቅ ግማሽ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ማየት ይበልጣል። ጀማሪው አወዳደቅና ራሱን መጠበቅ ይማራል ወይስ በቀጥታ ወደ ግጥሚያ ይገባል? ልጅ ሲያለቅስ አሠልጣኙ ምን ይላል? “በቃኝ” ያለ ይሰማል ወይስ ይሳቅበታል? ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ያርፋል ወይስ “ተነስ፣ ወንድ አይደለህም?” ይባላል? ለክብደት ተብሎ ምግብ የሚከለከል ልጅ ካለ ልጅዎን ይዘው ይመለሱ።

ቀሪው ሥራ የቤተሰብ ነው። ልጁ ከውድድር ሲወጣ ከነጥቡ በፊት የሚያየው የእኛን ፊት ነው። “አሸነፍክ?” ከማለት “ዛሬ ምን ሞከርክ?” ማለት ይሻላል። ያን የሚጠየቅ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንትም ቦርሳውን ራሱ አንግቶ ይወጣል።