የጠፋው «ኃ»

ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሥራ ጨምሬ ነበር፤ የሠፈራችንን እድር መዝገብ ከደብተር ወደ ድረ ገጽ ማዛወር። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት በራሴ ጥረት ነው። መዝገቡ የሚኖረው ግን ይፋግ አይደለም፤ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ፣ በኪራይ በያዝነው ሰርቨር ላይ ነው። በድሮ ዘመን ነጋዴ አሞሌውን ይዞ ያርፍባት በነበረች የገበያ ከተማ ተቀምጦ ባሕር ማዶ ላለ ማሽን ትእዛዝ መስጠት፣ አንባቢ ሆይ፣ ቤት የመታ ግጥም ያህል ደስ ያሰኘኝ ነበር። እስከዚያች የሐምሌ ምሽት ድረስ…

በዚያ ቀን አንድ አዛውንት አባላችን ዐረፉ። ገንዘብ ያዡ ለቤተሰቡ የሚሰጠውን ለመክፈል ስማቸውን በስልኩ ጽፎ ፈለገ። «አልተገኘም» አለው። ደግሞ ጻፈ፤ አሁንም «አልተገኘም»። የእድሩ ዳኛ «በመዝገብ ለሌለ መክፈል አንችልም፤ ነገ ይጣራ» አሉ። ባለቤታቸው ከድንኳኑ ጥግ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እሱን ሳንቀብር ስሙን ቀበራችሁት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤቴ ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከርብ ወንዝ ማዶ የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፤ ኔትወርኩ መጣሁ ሄድኩ ይላል። ከሰርቨሩ ጋር ስገናኝ የምጽፋት እያንዳንዷ ፊደል ዘግይታ ነበር ስክሪኑ ላይ የምትታየው። ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

በመጀመሪያ ሰርቨሩ የዕለት ውሎውን የሚጽፍበትን ማኅደር አነበብኩ። ጥያቄው በሰላም ደርሷል፤ ስሕተት የሚባል ነገር አልተመዘገበም። ማሽኑ የተጠየቀውን ፈልጎ «የለም» ብሏል። ቀጥሎ በስም መፈለጉን ትቼ በአባልነት ቁጥራቸው ገባሁ። ሰውየው አሉ! የከፈሉት ወርኃዊ መዋጮ አንድም ሳይጎድል ተደርድሯል። እንግዲያው የጠፉት እሳቸው አይደሉም፤ መፈለጊያው ነው የታወረው።

በ1947 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ማርክ 2 በተባለው ኮምፒዩተር ሥራ ላይ የነበሩ ባለሙያዎች በማሽኑ ውስጥ የእሳት ራት አግኝተው በመዝገባቸው ላይ ለጥፈዋታል። እኛ የሩዝ አገር ሰዎች ብንሆን ነቀዝ እንለው ነበር። የእኔው ነቀዝ ግን ክንፍም እግርም አልነበረውም።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ሁለቱን ስሞች፣ የተመዘገበውንና የተፈለገውን፣ ጎን ለጎን አድርጌ ማሽኑ የሚያውቃቸውን ቁጥሮች አወጣሁ። የአንዱ የመጀመሪያ ፊደል 4739፣ የሌላው 4608 ነበር። ሟቹ በገዛ እጃቸው በሞሉት ፎርም ላይ ስማቸው በ«ኃ» ይጀምራል፤ ገንዘብ ያዡ ደግሞ በ«ሀ» ጽፏል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም የፊደላት ሥርዓት ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ለማሽኑ እንደ «ለ» እና «መ» የተለያዩ ናቸው። ይህን አውቅ ነበር። ስለ ሞክሼ ፊደላት ከጓደኞቼ ጋር ስንት ማታ የተከራከርኩ ሰው፣ ፕሮግራሙን ስጽፍ ግን ረሳሁት።

ቀላሉ መፍትሔ በመዝገቡ ያለውን ሁሉ ወደ አንድ «ሀ» መለወጥ ነበር። እጄ አልታዘዘኝም። «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት። ደግሞስ ሰው ስሙን በጻፈበት ፊደል ላይ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ስለዚህ ስሙን እንደተጻፈ ትቼ፣ በጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ጨመርኩ። በዚያ ዓምድ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ይገናኛሉ፤ ለዓይን የሚታየው ግን የባለቤቱ አጻጻፍ ነው። በቅጂ መዝገብ ላይ ሞክሬ፣ ሲሠራ አይቼ፣ ዋናው ላይ ሳደርገው ወፍ ተንጫጫ።

ጠዋት ከገንዘብ ያዡ ጋር ወደ ድንኳኑ ሄድን። ገንዘቡን ሰጠን፤ በሰው ፊትም ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። እማማ ስሙን አሳየኝ አሉኝ። ስልኬን አቀበልኳቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት።

«አዎ፣ እሱ ነው» አሉ። «የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለነበረ በሌላ ፊደል ሲጽፉበት አይወድም ነበር።»